ጎማን የሚይዘው ምንድን ነው? ስለ ስፔሰርና ስለ ረጅም የጎማ ብሎን፣ ከማንኪራ መንገድ በመነሣት

በቦንጋ ለሕዝብ ክፍት ሆኖ የቀረበ ትምህርታዊ ንግግር



የዛሬው ርእሴ ከአንድ መዳፍ የማይበልጥ ብረትን ይመለከታል። ስፔሰር እንለዋለን። በሞዞውና በቸርኬው መካከል ገብቶ ጎማውን ወደ ውጭ የሚገፋ፣ ብሎኖቹ እንዲያልፉበት የተበሳ ክብ ዝርግ ብረት ነው። ስፔሰር ሲገባ የነበረው ብሎን ስለሚያጥር በረጅም ብሎን መተካት ይኖርበታል። ስለዚህ ሁለቱ አንድ ላይ የሚታዩ ጉዳዮች ናቸው። ርእሱ ለዩኒቨርሲቲ አዳራሽ ያነሰ የሚመስለው ሰው ይኖር ይሆናል። ሆኖም ተማሪዎቻችን በመጀመሪያው ዓመት የሚማሩት የሰበቃና የመለጠጥ ሕግ በተግባር ሰው የሚያድነው ወይም የሚገድለው እዚህ ላይ ነው።

ጥያቄው ለምን በዚህ አካባቢ ተነሣ?

ከጅማ የሚመጣው አስፋልት ቦንጋን አልፎ ወደ ሚዛን ይቀጥላል። ወደ ማንኪራ የሚሄድ ሰው ግን አስፋልቱን ትቶ ወደ ጫካው ይገባል። ማንኪራ የአረቢካ ቡና እናት ዛፍ መገኛ ተብላ የምትጠራ ስለሆነች እንግዳው፣ ተመራማሪውና የቡና ነጋዴው ሁሉ ይፈልጋታል። ካፋ በዓመት ከ1,500 ሚሊ ሜትር በላይ ዝናብ የሚያገኝ አገር ነው፤ አፈሩም ቀይ ሸክላማ ነው። ይህ አፈር ሲረጥብ ይንሸራተታል፤ ከባድ መኪና ሲያልፍበት በሁለት ቦይ ይሰነጠቃል፤ ሲደርቅ ደግሞ ቦዩ እንደ ግንብ ይጸናል። ቀጥሎ የሚመጣው መኪና በዚያ ቦይ ውስጥ ለመሄድ ይገደዳል።

በዚህ ጊዜ በሁለቱ ጎማዎች መካከል ያለው ስፋት ትልቅ ነገር ይሆናል። ታዋቂው ምሳሌ የቶዮታ ላንድክሩዘር 70 ተከታታይ ነው። እ.ኤ.አ. በ2007 ስምንት ሲሊንደር ያለውን የናፍጣ ሞተር እንዲቀበል የፊት አካሉ ሲሰፋ የፊት ጎማዎቹም አብረው ሰፉ። የኋላው አክስል ግን በነበረበት ቀረ። በዚህ ምክንያት የኋላ ጎማዎቹ ከፊቶቹ በ95 ሚሊ ሜትር ይጠባሉ፤ ማለትም በእያንዳንዱ ጎን 47.5 ሚሊ ሜትር። በአስፋልት ላይ ይህ ብዙም አይሰማም። በጭቃ ቦይ ውስጥ ግን የፊት ጎማ የረገጠውን ዱካ የኋላው አያገኘውም፤ የቦዩን ትከሻ እየረገጠ መኪናውን ወደ ጎን ይጥለዋል። ከዚህ ችግር የሚነሣ ሾፌር ስፔሰር ቢመኝ ምኞቱ ምክንያት አለው፤ ሊሰደብበት አይገባም።

በከተማ ያለው ምክንያት ሌላ ነው። ቪትዝ ወይም ኮሮላ ያለው ወጣት ጎማው ከፓራፋንጎው ጋር እኩል ወጥቶ እንዲታይለት ይፈልጋል። ሌላው ሰፋ ያለ ጎማ ገዝቶ ከውስጥ በኩል ሲነካበት ወደ ውጭ ሊገፋው ይሻል። ምክንያቱ ማማርም ይሁን ጭቃ፣ ብረቱ የሚታዘዘው ለአንድ ሕግ ነው። ወደዚያ ሕግ ልለፍ።

ብሎኑ ጎማውን አይሸከምም

ብዙ ሰው ጎማ በብሎኖቹ ላይ የተንጠለጠለ ይመስለዋል። ካፖርት በግድግዳ ምስማር ላይ እንደሚሰቀል ማለት ነው። አሳቡ ትክክል ቢሆን ኖሮ መፍትሔው ወፍራም ብሎን ብቻ በሆነ ነበር። ነገሩ ግን እንዲህ አይደለም። ዳዶው ሲጠብቅ ብሎኑ እንደ ላስቲክ ይለጠጣል፤ የተለጠጠው ብሎን ተመልሶ ለማጠር ሲታገል ቸርኬውን በሞዞው ላይ ይጨምቀዋል። የመኪናውን ክብደት፣ የሞተሩን ኃይልና የፍሬኑን ጉልበት የሚያስተላልፈው በዚህ መጨመቅ ምክንያት በሁለቱ ገጾች መካከል የሚፈጠረው ሰበቃ ነው። የብሎኑ ሥራ መጨመቅ ነው።

በቁጥር እንየው። ባለ 12 ሚሊ ሜትር ብሎን ያላቸው የቶዮታ የቤት መኪናዎች የጎማ ዳዶ ማጥበቂያ ልክ 103 ኒውተን ሜትር ነው። በተለመደው የማስሊያ ቀመር ጉልበቱን ለብሎኑ ውፍረትና ለ0.2 ስናካፍለው በእያንዳንዱ ብሎን ላይ ወደ 43 ኪሎ ኒውተን የሚደርስ የመጨመቅ ኃይል እናገኛለን። ይህም ከአራት ቶን በላይ ክብደት ማለት ነው። ቪትዝ በጎማ አራት ብሎን አላት፤ ድምሩ ወደ 172 ኪሎ ኒውተን ይሆናል። የብረት ከብረት ሰበቃን 0.15 ብንወስድ ገጾቹ ሳይንሸራተቱ የሚሸከሙት 26 ኪሎ ኒውተን ገደማ ነው።

አሁን ሾፌሩ በኃይል ፍሬን ይያዝ። በአንድ የፊት ጎማ ላይ 400 ኪሎ ግራም ቢያርፍና ጎማው መሬቱን በደንብ ቢይዝ፣ ብሎኖቹ በተደረደሩበት ክብ ላይ ወደ 16 ኪሎ ኒውተን የሚሆን የማንሸራተት ኃይል ይደርሳል። ዐሥራ ስድስት ከሃያ ስድስት ያንሳል፤ ጎማው ጸንቶ ይቆማል። ዳዶው የጠበቀው በግማሽ ልክ ቢሆንስ? ያን ጊዜ የመሸከም ዐቅሙ 13 ይሆናል፤ 16ቱን አይችልም። ቸርኬው በሞዞው ላይ በጥቂቱ ይንሸራተታል፤ ብሎኑም የማያውቀውን ሥራ ይጀምራል፤ ይታጠፋል።

አንድ ጊዜ መታጠፍ ብሎን አይሰብርም። የሚሰብረው መደጋገሙ ነው። የቪትዝ ጎማ ከቦንጋ ጅማ እስኪደርስ 60 ሺሕ ጊዜ ያህል ይዞራል፤ በእያንዳንዱ ዙር ብሎኑ አንዴ ወዲህ አንዴ ወዲያ ይታጠፋል። ሽቦን በእጃችን ወዲያና ወዲህ እያጠፍን እንደምንቆርጠው መሆኑ ነው። የተሰበረ ብሎን ሲገኝ ብዙ ጊዜ «ብረቱ ደካማ ነበር» ይባላል። ስብራቱን በቅርብ የመረመረ ሰው ግን ከዳር ተነሥቶ እያደገ የመጣ ለስላሳ ገጽና በመጨረሻ የተቀደደ ሻካራ ገጽ ያያል። ይህ መጀመሪያ የላላ፣ ኋላ የደከመ፣ በመጨረሻ የተሰበረ ብሎን ምልክት ነው።

ረጅሙ ብሎን ወዳጅ ነው

ተማሪዎቼ ብዙ ጊዜ የሚጠይቁኝ ጥያቄ አለ። «ረጅም ብሎን ከአጭሩ አይደክምም ወይ?» ይሉኛል። መልሱ ከተጠበቀው በተቃራኒ ነው።

በሞዞውና በዳዶው መካከል የሚለጠጠው የብሎን ርዝመት 20 ሚሊ ሜትር ቢሆን፣ 43 ኪሎ ኒውተን የሚለጥጠው 0.05 ሚሊ ሜትር ያህል ብቻ ነው። የሰው ፀጉር ውፍረት ያህል ወይም ከዚያ ያነሰ ነው። የጎማችን ደኅንነት ሁሉ የታሰረው በዚህች ርዝመት ነው። በቸርኬው ገጽ ላይ ያለ ቀለም፣ ዝገት ወይም የደረቀ ጭቃ በጉዞ ላይ ተፈጭቶ 0.02 ሚሊ ሜትር ቢቀንስ፣ ብሎኑ ከተለጠጠው አምስት እጅ ሁለቱን ያህል ይለቃል። ዳዶው አንዲት ጥርስ እንኳ ሳይዞር የመጨመቁ ኃይል ወደ 40 በመቶ ገደማ ይጠፋል።

አሁን 20 ሚሊ ሜትር ስፔሰር ጨምረን የሚለጠጠውን ርዝመት 40 ሚሊ ሜትር እናድርገው። በዚያው ኃይል ብሎኑ 0.1 ሚሊ ሜትር ይለጠጣል። ያው 0.02 ሚሊ ሜትር ቢጠፋበት የሚቀንሰው 20 በመቶ ብቻ ነው። ረጅም ብሎን እንደ ታጋሽ ሰው ነው፤ ትንሽ ቢወሰድበት ብዙ አይናወጥም።

እዚህ ላይ ግን ጥንቃቄ ይገባል። ስፔሰር ሲገባ የሚነካኩት ገጾች ይበዛሉ። ታምቡሮውን ለጊዜው ብንተወው፣ አንድ የነበረው መጋጠሚያ ሁለት ሆነ፤ ሞዞ ከስፔሰር፣ ስፔሰር ከቸርኬ። ሁለቱም የቆሸሹ ከሆኑ የሚጠፋው 0.04 ሚሊ ሜትር ይሆናል። ከ0.1 ላይ 0.04 ሲቀነስ ተመልሶ 40 በመቶ ነው። ረጅሙ ብሎን የሰጠንን ትርፍ ቆሻሻው ወሰደው ማለት ነው። የዛሬው ንግግሬ ፍሬ ነገር ይህ ነው። በማንኪራ መንገድ ላይ ስፔሰርን አደገኛ የሚያደርገው በመጀመሪያ ደረጃ ውፍረቱ አይደለም፤ በየመጋጠሚያው የሚገባው ቀይ ጭቃና እርሱ የሚያመጣው ዝገት ነው።

ስፔሰሩ የሚያስከፍለው ዋጋ

ገጾቹ እንደ መስተዋት ቢጸዱም ስፔሰር ሦስት ዕዳዎችን ይዞ ይመጣል።

የመጀመሪያው የኩሽኔታ ዕዳ ነው። ጎማው ወደ ውጭ ሲወጣ ክብደቱ በኩሽኔታው ላይ የሚያርፍበት ክንድ ይረዝማል። በአንድ የኋላ ጎማ ላይ አንድ ቶን የሚሸከም ላንድክሩዘር 47.5 ሚሊ ሜትር ስፔሰር ቢገባለት፣ ቆሞ እያለ እንኳ ወደ 475 ኒውተን ሜትር የሚሆን ተጨማሪ ማጣመሚያ በሞዞው ላይ ይፈጠራል። መኪናው ጉድጓድ ሲመታ ይህ በብዙ እጥፍ ያድጋል።

ሁለተኛው የመሪ ዕዳ ነው። ስፔሰሩ በፊት ጎማ ላይ ከገባ ጎማው መሬት የሚነካበት ነጥብ መሪው ከሚዞርበት መስመር ይርቃል። መሪው ይከብዳል፤ አንዱ ጎማ ድንጋይ ሲመታ መሪው ከእጅ ይነጥቃል፤ በፍሬን ጊዜም መኪናው ወደ አንድ ጎን ይስባል።

ሦስተኛው የመሐል አያያዝ ዕዳ ነው። ቸርኬ በሞዞው መሐል ባለ ክብ አንገት ላይ ልክ ይገባል። የቪትዝ አንገት 54.1፣ የሃይሉክስ 106.1፣ የላንድክሩዘር 70 ደግሞ 110 ሚሊ ሜትር ነው። ስፔሰሩ ይህን አንገት ከሸፈነውና በራሱ ላይ ተመሳሳይ አንገት ከሌለው፣ ቸርኬው መሐሉን የሚያገኘው በዳዶዎቹ ብቻ ነው። ጥቂት ካዘነበለ መኪናው ይንቀጠቀጣል፤ መንቀጥቀጡም ዳዶውን ያላላል።

የራሱ ብሎን የተገጠመለት ሌላ ዓይነት ስፔሰር አለ። መጀመሪያ እርሱ በሞዞው ብሎኖች ይታሰራል፤ ቸርኬው ደግሞ በስፔሰሩ ብሎኖች። ረጅም ብሎን መቀየር ስለማያስፈልገው ይወደዳል። ችግሩ የውስጠኞቹ ዳዶዎች ከቸርኬው ጀርባ መደበቃቸው ነው። የቀድሞ አይሱዙ የጫኑ ሾፌሮች ይህን ያውቁታል። በድርብ ጎማ ላይ የውስጠኛውን ለማጥበቅ የውጭውን ማላላት ግድ ነው፤ ይህን የማያደርግ ሰው ውጭውን ብቻ እያጠበቀ ውስጡ እየላላበት ይሄዳል። በእንዲህ ዓይነቱ ስፔሰርም ጎማው ሳይወልቅ የውስጡን ደኅንነት ማንም አያይም።

በቶርኖ ቤት ስለሚሠሩት ስፔሰሮች አንድ ነገር ልጨምር። የቶርኖ ባለሙያዎቻችን እጅ የተካነ ነው፤ ሆኖም ከየት እንደ መጣ ከማይታወቅ የአሉሚኒየም ቁራጭ የሚወጣ ስፔሰር ውስጡ አየር የቋጠረ ሊሆን ይችላል። የእጅ ጥበብ የቁሱን ጉድለት አይሸፍንም። ሁለቱ ገጾች ፍጹም ትይዩ መሆናቸውም በማይክሮ ሜትር ካልተለካ በዓይን አይፈረድም።

መገጠሙ ካልቀረ

ዕዳዎቹን አውቆ የሚገጥም ሰው የሚከተሉትን ይጠብቅ።

አንደኛ፣ ይለካ። የፊትና የኋላ ጎማ ስፋት እንደ ሞዴሉ ይለያያል፤ በወሬ ላይ ተመሥርቶ ስፔሰር አይገዛም።

ሁለተኛ፣ አሮጌው ብሎን ከሞዞው የሚወጣው በፕሬስ ነው። በመዶሻ ሲመታ ምቱ ወደ ኩሽኔታው ያልፋል፤ ኳሶቹም በቀለበቱ ላይ ጠባሳ ይተዋሉ። አዲሱ ብሎን በጥርሱ ዓይነት፣ በጥርሳማው አንገቱ ውፍረትና በጭንቅላቱ ቅርጽ ከአሮጌው ጋር አንድ መሆን አለበት። የጥንካሬው ደረጃም ከአሮጌው እንዳያንስ ይታይ።

ሦስተኛ፣ አዲሱ ብሎን ጭንቅላቱ ከሞዞው ጀርባ ጋር እስኪገጥም ይሳብ። ፕሬስ ከሌለ ሮንዴላ ደርድሮ በሌላ ዳዶ መሳብ ይቻላል፤ ያ ዳዶ ግን ከዚያ በኋላ ለጎማ አያገለግልም። ሳይገጥም የቀረ ብሎን በጉዞ ላይ ቀስ ብሎ ይገባል፤ የገባው ያህል ደግሞ መጨመቁ ይላላል።

አራተኛ፣ የሚነካኩት ገጾች ሁሉ እስከ ብረቱ ድረስ ይጽዱ። ቀለም አይቀቡ፤ ሁለት ስፔሰር አይደራረብ።

አምስተኛ፣ ዳዶው ያለ ቁልፍ በእጅ ሲገባ ዙሩ ይቆጠር። የሚነክሰው የጥርስ ርዝመት ቢያንስ የብሎኑን ውፍረት ያህል መሆን አለበት። ባለ 12 ሚሊ ሜትር ብሎን ጥርሱ 1.5 ከሆነ ስምንት ሙሉ ዙር፣ ባለ 14ቱ ወደ ዐሥር የሚጠጋ ዙር ማለት ነው። በነበረው ብሎን ላይ 5 ሚሊ ሜትር ብቻ የሆነ ቀጭን ስፔሰር መጨመር ከሦስት ዙር በላይ ይወስዳል። «ቀጭን ነው፤ ብሎን መቀየር አያስፈልገውም» የሚባለው አባባል በዚህ ቆጠራ ይፈተን።

ስድስተኛ፣ ማጥበቁ በልክ ይሁን። በጎማ ቁልፍ ላይ ቧንቧ አስገብቶ መቆም የጥንካሬ ምልክት አይደለም። 70 ኪሎ የሚመዝን ሰው በአንድ ሜትር ቧንቧ ጫፍ ላይ ቢቆም ወደ 700 ኒውተን ሜትር ይሰጣል፤ ለቪትዝ ከሚያስፈልገው ሰባት እጥፍ ገደማ ነው። ብሎኑ ከመለጠጥ አልፎ ይሳባል፤ የተሳበ ብሎን ደግሞ አይመለስም። ጥርሱም ዘይት አይቀባ፤ ዘይት ሰበቃውን ስለሚቀንስ በዚያው ጉልበት ብሎኑን ከልክ በላይ ይለጥጠዋል።

ጉልበት የሚለካ ቁልፍ በየገጠሩ እንደማይገኝ ዐውቃለሁ። ሆኖም ልኬት ከመሣሪያ በፊት አሳብ ነው። ሃያ ሊትር ውኃ የያዘ ጀሪካን ከነዕቃው 21 ኪሎ ገደማ ይመዝናል። ከዳዶው መሐል 50 ሳንቲ ሜትር ርቆ፣ ቁልፉ አግድም ሆኖ ሳለ፣ ጀሪካኑ ቀስ ተብሎ ቢንጠለጠል የሚሰጠው ጉልበት 103 ኒውተን ሜትር ነው። የቪትዟ ልክ ይኸው ነው። ክንዱ አንድ ሜትር ከሆነ 206 ይሆናል፤ ባለ 14 ሚሊ ሜትር ብሎንና የብረት ቸርኬ ላለው ላንድክሩዘር ከሚታዘዘው 209 ጋር የተቀራረበ ነው። የቁልፉ ክብደት ጥቂት ይጨምራል፤ ጀሪካኑን ማወዛወዝ ግን ልኩን ያበላሻል። ዳዶው ዞሮ ቁልፉ ካዘቀዘቀ እንደ ገና አግድም ተደርጎ ይደገም። በቤታችን ያለ ዕቃ ከግምት ይሻላል።

ሰባተኛ፣ ዳዶዎቹ በመስቀለኛ ቅደም ተከተል ይጥበቁ፤ ከ50 እስከ 100 ኪሎ ሜትር ከተሄደ በኋላም እንደ ገና ይፈተሹ። ከቦንጋ የተነሣ ጅማ ሳይደርስ አንድ ጊዜ ይቁም ማለት ነው።

ሌላ መንገድ የለም ወይ?

አለ። ወደ ውጭ የወጣ ቅርጽ ያለው ቸርኬ ጎማውን ያለ ስፔሰር ያሰፋዋል። የኩሽኔታው ዕዳ እዚህም አይቀርም፤ ሆኖም ተጨማሪ መጋጠሚያ የለም፤ ብሎንም አይነካም። በጭቃ አገር ይህ ልዩነት ትልቅ ነው። ላንድክሩዘር 70 በብዛት በሚነዳባት በአውስትራሊያ ደግሞ የኋላውን አክስል ሰፋ ባለ አክስል የሚተኩ አሉ፤ ውድ ቢሆንም ችግሩን ከሥሩ ይነቅለዋል። እዚያ አገር የተሽከርካሪ ማሻሻያ መመሪያው አምራቹ ራሱ ካልገጠመው በቀር ስፔሰርን አይፈቅድም። በጀርመን ደግሞ ስፔሰር ማረጋገጫ ወረቀት ይዞ፣ በመርማሪ ታይቶ ይገጠማል። አንዱ ከለከለ፤ ሌላው በምርመራ ፈቀደ። ሁለቱም የተስማሙበት ነገር ግን ጉዳዩ ለገጣሚውና ለባለመኪናው ብቻ የማይተው መሆኑ ነው፤ የወለቀ ጎማ የሚመታው ሰው ስፔሰሩን አልመረጠምና።

በእኛም አገር በአዋጅ ቁጥር 681/2002 መሠረት የተሽከርካሪ ምርመራ አለ። ለቦሎ የቀረበ መኪና ላይ መርማሪው የዳዶውን ዙርና ከቸርኬው ጀርባ የገባውን ብረት ቢመለከት የሚወስድበት ጊዜ ጥቂት ደቂቃ ነው።

ለተማሪዎቻችን የምተወው ሥራ አለ። በወርክሾፓችን አሮጌ ሞዞና ቸርኬ አይታጣም። ከማንኪራ መንገድ ጭቃ አምጡ፤ በሁለቱ ገጾች መካከል ቀብታችሁ አድርቁት፤ በልክ አጥብቁ፤ ከዚያ ነቅንቃችሁ የቀረውን ኃይል ለኩ። እኔ ዛሬ በስሌት የነገርኳችሁን ልኬቱ ያጸናው ወይም ያርመው። ውጤቱንም በአማርኛና በካፊኖኖ ጽፋችሁ ለየጎሚስታው አድርሱ። በመኸር ጊዜ ቡናና ሰው ጭኖ ከጫካው የሚወጣው ሾፌር የእኛን ቀመር አያነብም፤ ስምንት ዙር መቁጠርና ጀሪካን ማንጠልጠል ግን ይችላል።

 አሁን ጥያቄዎቻችሁን እቀበላለሁ፤ ከጋራዥ የመጣችሁት ብትጀምሩልኝ ደስ ይለኛል።